ኢዛና

ኢዛና (በግዕዝ አጻጻፍ ዒዛና) በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ነበሩ። ክርስትናን ከተቀበሉ የዓለም ነገሥታት ከቀደሙት አንዱ ሲሆኑ፣ በገንዘባቸው ላይ መስቀል ካስቀረጹት ነገሥታትም በመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቆጠራሉ። በኢትዮጵያ ትውፊት አብርሃና አጽብሃ ተብለው ከሚታወቁት ወንድማማች ነገሥታት አንዱ እንደሆኑ በብዙዎች ይታመናል።

የንጉሡ ታሪክ የተገኘው ከሦስት ዓይነት ምንጮች ነው። እነሱም በድንጋይ ላይ ያስቀረጿቸው ጽሑፎች፣ የውጭ አገር ጸሐፊዎች መዛግብት፣ እንዲሁም ከመሬት ውስጥ የወጡ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ናቸው። ሳንቲሞቹ ከአንድ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ቢሆኑም የንጉሡን መልክ፣ ስምና እምነት ይዘው ቆይተዋል። በዚህም ምክንያት በዓለም የጥንታዊ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆነዋል።

የልጅነት ዘመን

ኢዛና የንጉሥ እለ አሚዳ ልጅ እንደነበሩ በስማቸው የተጻፉ የድንጋይ ጽሑፎች ይናገራሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እናታቸው ሶፍያ ትባላለች።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ ላይ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ሜሮፒዮስ የተባለ የጢሮስ ከተማ ፈላስፋ ሁለት ወጣቶችን ይዞ በቀይ ባሕር ይጓዝ ነበር። መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ስትቆም የአካባቢው ሰዎች አደጋ ጣሉባት። ከጥፋቱ የተረፉት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉት ወጣቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንብረትና የመዝገብ ኃላፊ ሆኑ።

ንጉሡ ሲሞቱ አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ስለነበር፣ ንግሥቲቱ ሁለቱ ሰዎች ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ወደ አክሱም የሚመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ሩፊኖስ የልጁን ስም ባይጠቅስም፣ ከሌሎች ምንጮች ጋር ሲነጻጸር ታሪኩ የኢዛና እንደሆነ የታሪክ ምሁራን ይስማማሉ።

ልጁ አድጎ ሥልጣኑን ሲረከብ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክ ፓትርያርኩን አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደሌለ አይቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾመው። በኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የሚከበረው እርሱ ነው።

የመንግሥት ዘመን

ኢዛና በጽሑፎቻቸው ላይ የአክሱም፣ የሒምያር፣ የሬይዳን፣ የሳባ፣ የሳልሔን፣ የጽያሞ፣ የቤጃና የካሱ ንጉሥ ተብለው ይጠራሉ። ከእነዚህ ስሞች ሒምያር፣ ሬይዳን፣ ሳባና ሳልሔን ከቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ዓረቢያ ያሉ ናቸው። ካሱ ደግሞ የኩሽ፣ ማለትም የመርዌ ምድር ነው። ማዕረጉ በሙሉ በተግባር ይገዙት የነበረውን ግዛት ያሳያል ማለት ባይቻልም፣ የአክሱም ነገሥታት የባሕሩን ሁለት ዳርቻዎች የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩ እንደነበር ያስረዳል።

ከጦርነቶቻቸው አንዱ በቤጃዎች ላይ የተደረገው ነው። ዘመቻውን የመሩት ወንድሞቻቸው ሳይዛናና ሐደፋን ነበሩ። ቤጃዎች ሲሸነፉ ስድስት አለቆቻቸው 4,400 ከሚሆኑ ሰዎቻቸው ጋር ወደ አክሱም ተወሰዱ። ንጉሡም ምግብ፣ መጠጥ፣ ልብስና ከብት ሰጥተው በሌላ አገር አሰፈሯቸው። ይህ ታሪክ በአንድ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈ፣ የውጭ ነጋዴም የአገሬው ሰውም ሊያነበው ይችል ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ዘመቻ በኖባዎች ላይ ሆነ። ጽሑፉ እንደሚለው ኖባዎች ጎረቤቶቻቸውን አጥቅተው፣ የንጉሡንም መልእክተኞች አዋርደው ነበር። ሠራዊቱ ተከዜን ተሻግሮ ለ23 ቀናት አሳደዳቸው፤ ከጡብና ከሣር የተሠሩ ከተሞቻቸውንም አቃጠለ። ይህ ዘመቻ የተካሄደው የመርዌ መንግሥት አስቀድሞ በተዳከመበት ዘመን ነው።

ወደ ክርስትና መለወጥ

በኢዛና ቀደምት ጽሑፎች ላይ ንጉሡ የማይሸነፈው የማኅረም ልጅ ተብለዋል። ማኅረም የአክሱም ነገሥታት የጦርነት አምላክ ሲሆን፣ በግሪክኛው ጽሑፍ አሬስ ተብሎ ተተርጉሟል። የቤጃው ድል የተመዘገበው በዚህ አምላክ ስም ነበር።

የኖባው ዘመቻ ጽሑፍ ላይ ግን ማኅረም የለም። በእርሱ ምትክ ድሉ የተሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው። ይህ አባባል ክርስቲያኑም ሆነ ሌላ አንድ አምላክ አምላኪ ሊቀበለው የሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አክሱም ውስጥ የተገኘ የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ስለሚጀምር የንጉሡን ክርስትና ያለ ጥርጥር አረጋግጧል። አንዳንድ ተመራማሪዎች የግዕዙ አነጋገር ለስለስ ያለው፣ አዲሱን እምነት ገና ያልተቀበለውን የአገር ሰው ላለማስደንገጥ እንደሆነ ያስባሉ።

የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ዳግማዊ በ356 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የአርዮስን ትምህርት የሚደግፍና የአትናቴዎስ ተቃዋሚ በመሆኑ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ይጠይቃል። ደብዳቤው የተጠበቀው አትናቴዎስ በራሱ መከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከአትናቴዎስ ትምህርት ጋር ጸንታ ቆየች።

በኢዛና ዘመን የግዕዝ ጽሕፈትም ትልቅ ለውጥ አሳየ። ቀደምት ጽሑፎች ተነባቢ ፊደላትን ብቻ ሲጠቀሙ፣ ከኋለኞቹ አንዳንዶቹ ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት የድምፅ ቅርጾች ያሳያሉ። ዛሬ አማርኛና ትግርኛ የሚጻፉበት ሥርዓት በድንጋይ ላይ ከታየባቸው ጥንታዊ ማስረጃዎች መካከል እነዚህ ይገኛሉ።

የኢዛና ሳንቲሞች

ከአክሱም ነገሥታት የመጀመሪያውን ሳንቲም ያሳተሙት በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የነገሡት ኢንዱቢስ ናቸው። በዚያን ጊዜ የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚያወጡ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከኢንዱቢስ በኋላ አፊላስ፣ ወዜባና ኡሳናስ ሳንቲም አሳተሙ። ከእነዚህ ወዜባ በሳንቲማቸው ላይ በግዕዝ ያስጻፉ የመጀመሪያው ናቸው።

የኢዛና የወርቅ ሳንቲም 1.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የወርቅ ገንዘቡን ክብደት ከቀነሰ በኋላ አክሱምም የራሷን ክብደት ከአዲሱ ልክ ጋር አስማማች። በዚህም የአክሱም ወርቅ በቀይ ባሕር ገበያ ከሮማው ጎን ለጎን ሊመነዘር ቻለ። በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክኛ የሆነውም በዚያ ንግድ የሚሠራበት ቋንቋ ስለነበረ ነው።

በሳንቲሙ ፊት ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍተው፣ በጀርባው ላይ ደግሞ ራሳቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይታያሉ። በግራና በቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች ከብበዋቸዋል። የሮማን ወይም የፋርስን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው የአክሱምን ወርቅ በእነዚህ ዛላዎች ወዲያው ይለየዋል። ከስማቸው ጋር ብእሲ የሚል ቃል ተጽፎ የንጉሡ ወገን ሀለን መሆኑ ይነገራል።

በቀደሙት የኢዛና ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የሚታየው ግማሽ ጨረቃና ክብ ነው፤ ይህም የጥንቱ እምነት ምልክት ነበር። በኋለኞቹ ላይ ግን በቦታው መስቀል ገባ። ንጉሡ ያው፣ ስሙም ያው ሆኖ ምልክቱ ብቻ መለወጡ፣ የሃይማኖቱ ለውጥ በአንድ ሰው ዘመን እንደተፈጸመ የሚያሳይ ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ነው። ድንጋዩን ያነበቡት አክሱም የደረሱ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሳንቲሙ ግን አዲሱን ምልክት ይዞ ባሕር ተሻገረ።

በኢዛና ዘመን መጨረሻ ወይም ከእርሳቸው ቀጥሎ የንጉሥ ስም የሌለባቸው ብዙ የነሐስ ሳንቲሞች ታትመዋል። መስቀል ያለባቸው ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው ነገሩ አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ነው። እነዚህ ከአክሱም ሳንቲሞች በብዛት ከሚገኙት ናቸው።

ታላላቅ ግኝቶች

የኢዛና ስም ከተረሳበት የወጣው ቀስ በቀስ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም ሲደርስ የቤጃውን ዘመቻ የሚናገረውን የግሪክኛ ጽሑፍ አይቶ ገለበጠ። በድንጋዩ ላይ ያነበባቸው የንጉሡና የወንድሙ ስሞች በቆንስጣንዮስ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ጋር ገጠሙ። ከዚህ በኋላ በመጽሐፍ ብቻ ይታወቅ የነበረ ንጉሥ ከአንድ ቦታና ከአንድ ድንጋይ ጋር ሊያያዝ ቻለ።

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሳንቲሞችንና የብራና መጻሕፍትን ሰብስቧል። የአክሱምን ሳንቲሞች ለአውሮፓ ምሁራን ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን የአክሱምን ጽሑፎችና ሐውልቶች በስፋት መዘገበ። በ1920ዎቹ ጣሊያናውያኑ አርቱሮ አንዛኒና ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ሳንቲሞቹ ሰፊ ጥናቶች አሳተሙ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ገበሬዎች በአክሱም ከተማ ዳርቻ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተጻፈ ሌላ የኢዛና ድንጋይ አገኙ። ድንጋዩ ዛሬም በተገኘበት ቦታ በትንሽ ቤት ተጠልሎ ይገኛል።

ስለ አክሱም ገንዘብ ብዙ ካስተማሩት ግኝቶች የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

ደብረ ዳሞ። በ1940 እ.ኤ.አ. በዚህ ጥንታዊ ገዳም ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። የኩሻን መንግሥት ማዕከል በዛሬዎቹ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ነበር። ሳንቲሞቹ አክሱም የራሷን ገንዘብ ከማሳተሟ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ፣ የሕንድ ንግድ ምን ያህል ቀደምት እንደነበር ይመሰክራሉ።

መጠራ። በዛሬዋ ኤርትራ በምትገኘው በዚህች የአክሱም ዘመን ከተማ የፈረንሳዩ አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1963 እ.ኤ.አ. በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የወርቅ ጌጥ አገኘ። ከጌጦቹ ጋር የሮማ የወርቅ ሳንቲሞችም ነበሩ። የሩቅ አገር ገንዘብ እዚህ ሲደርስ ከመገበያያነት አልፎ የአንገት ጌጥ ይሆን ነበር።

አል መዳሪባ። በደቡባዊ የመን፣ ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ብዙ በማይርቅ ቦታ በ1977 እ.ኤ.አ. 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ። ከእነዚህ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ ነበሩ። የእንግሊዙ የአክሱም ታሪክ ተመራማሪ ስቱዋርት መንሮ ሄይ ግኝቱን በ1989 እ.ኤ.አ. በጥናት አሳትሞታል። ከዚህ በፊት በጣም ጥቂት የነበሩ የወርቅ ዓይነቶች በአንድ ቀን በመቶዎች በመቆጠራቸው የብዙ ነገሥታትን ቅደም ተከተል ማጥናት ተቻለ። ሀብቱ የተቀበረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ከዘመቱበት ዘመን ጋር እንደሚያያዝ ይገመታል።

ከእነዚህ ውጭ የአክሱም ሳንቲሞች በደቡብ ሕንድ፣ በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቂሳርያ ተገኝተዋል። በአክሱምና በአካባቢው ደግሞ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ወይም ገበሬ ሲያርስ የነሐስ ሳንቲም ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

ሳንቲም እንዴት ይጠናል

ሳንቲም የሚሠራው ባዶ የብረት ክብ በሁለት የተቀረጹ መምቻዎች መካከል ተደርጎ በመዶሻ ሲመታ ነው። መምቻው በእጅ ስለሚቀረጽ ሁለት መምቻዎች ፍጹም አይመሳሰሉም። ሁለት ሳንቲሞች ላይ አንድ ዓይነት ስንጥቅ ወይም የተጣመመ ፊደል ከታየ ከአንድ መምቻ ወጥተዋል ማለት ነው። ስንጥቁ እየሰፋ የሄደበትን ቅደም ተከተል በመከተልም የትኛው ሳንቲም እንደቀደመ ማወቅ ይቻላል። የነገሥታት ዝርዝር ያልተሟላበት የአክሱም ታሪክ በብዙ ቦታ የተጠገነው በዚህ ዓይነት ንጽጽር ነው።

የሐሰት ሳንቲሞችም ይመረታሉ። አብዛኞቹ ቀልጠው በቅርጽ የሚፈሱ ስለሆኑ በላያቸው ላይ ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች፣ በጠርዛቸውም ላይ የመጋጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። ሌላው መለያ ክብደት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም፣ ብር 10.5 ግራም ስለሚመዝን፣ ሳንቲሙን በአየርና በውኃ ውስጥ መዝኖ የብረቱን ዓይነት መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት ግን ከሐሰት ሳንቲም አይመጣም። እውነተኛ ሳንቲም ከየት እንደወጣ ሳይመዘገብ ሲሸጥ ከታሪኩ ግማሹ ይጠፋል። አንድ የኢዛና ሳንቲም ከቤት ወለል ሥር፣ ከመቃብር ወይም ከቤተ ክርስቲያን መሠረት ቢገኝ ያንን ሕንፃ በዘመን ለመመደብ ይረዳል፤ በሰብሳቢ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። ወርቅ አንጥረኛ እጅ ከደረሰና ከቀለጠ ደግሞ ይህም አይቀርም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሳንቲም ያገኘ ሰው ሳያጥበውና ሳይፍቀው፣ የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርጎ፣ በአቅራቢያው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ከራሱ ከሳንቲሙ የማያንስ ዋጋ ያለውን መረጃ ያተርፋል።

መታሰቢያ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የነገሥታቱን የአብርሃንና የአጽብሃን በዓል በየዓመቱ ጥቅምት 4 ቀን ታከብራለች። በትግራይ ከአለት የተፈለፈለው የአብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያንም በስማቸው ይጠራል።

የኢዛና ድንጋዮች አክሱም ውስጥ ይታያሉ። የአክሱም ዘመን ቅርሶችን በአዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየምም ማየት ይቻላል፤ ከሳንቲሞቹ ብዙዎቹ ደግሞ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየምን በመሳሰሉ የውጭ አገር ተቋማትና በግል ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። አክሱም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከከተማዋ ስፋት ገና ያልተቆፈረው ክፍል ከተቆፈረው እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ የንጉሡ ገጽ ያለባቸው ብዙ ሳንቲሞች ዛሬም በአፈሩ ውስጥ እንዳሉ ይታመናል።